ቀለም አምስት

ከንጋቱ አንድ ሰዓት ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሰልፍ እስከ ሩዝ መውቂያው ደርሶ ነበር። ዓይናዲስ ልጇን ብርቅነሽን ከፊቷ አቁማ የልጅቷን አመልካች ጣት በነጠላዋ ጫፍ ታሻለች። የሞቀ ጣት መስተዋቱ ላይ ደህና ይነበባል። ይህን የነገራት ሰው የለም፤ ከፊቷ የተሰለፉት እናቶች ሁሉ ሲያደርጉት አይታ ነው።

መስተዋቱ የመዳፍ ያህል ነው። ልጁ ጣቱን ሲያሳርፍበት ከሥሩ ብርሃን ይበራል፣ በደንብ የበላ ልጅ ቆዳው ቀለም አለው ተብሎም የቀለሙ ቁጥር ይወጣል። አምስትና ከዚያ በላይ የወጣለት ወደ ክፍል ይገባል። ከአምስት በታች የወጣለት በአጥሩ ጥግ ወደቆመው ነጭ አውቶቡስ ይሄዳል፣ አውቶቡሱም ወደ ማገገሚያ ይወስደዋል። ከማገገሚያ የሚመለሱ ልጆች ወፈር ብለው ነው የሚመለሱት። የሚናገሩት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በንባብ ሳምንት ወረታ ገበያ ላይ ካሮት አይገኝም። በየቤቱ ካሮት በዘይት ይቀቀላል፤ ልጆቹም ሌላ ነገር ሳይበሉ ይሰነብታሉ፤ ሌላ ምግብ ቀለሙን ያቀጥነዋል ስለሚባል።

ብርቅነሽ ጣቷን አሳረፈች።

«አምስት» አለ መስተዋቱ።

ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን አየች። መዳፏ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል፣ አንገቷ ግን ቀጥኗል።

«እማ፣ ለምሳ ዳቦ አለ?»

«ንባቡ አልፏል። አለ።»

ዓይናዲስ ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሥራዋም ማንበብ ነው። እሷ የምታነበው የዓሣ ዕንቁላል ነው።

*

የጉማራ በር ወንዙ ወደ ጣና ከመግባቱ በፊት የቆመ የብረት ግድግዳ ነው። ከበሩ በላይ ያለው ውሃ በቦይ ወደ ሩዝ ማሳዎች ይሄዳል። ከበሩ በታች ሐይቁ አለ፤ በሐይቁ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንቦጭ። እንቦጩ ሳይመጣ በፊት የተገለጠውን ውሃ ያዩ ሰዎች በጣም አርጅተዋል።

በየክረምቱ የደፈረሰ ውሃ ሲሸታቸው ነጭ ዓሦች ከእንቦጩ ሥር ወጥተው በሩ ግርጌ ይሰበሰባሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። የወንዝ በሮች አስተዳደር ደንብ እንደሚለው በሩ የሚከፈተው የዕንቁላሉ ቀለም አምስት ከሆነ ነው። ከዚያ በታች ለሆነ ዕንቁላል የሩዝ ውሃ አይባክንም።

ዓይናዲስ በየጠዋቱ አንዲት እናት ዓሣ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ሆዷን ወደ ጅራቷ አቅጣጫ ቀስ ብላ ትጫናለች። የወጣውን ጥቂት ዕንቁላል በነጭ ሳህን ላይ ታሰፋዋለች። ሳህኑን ከዓይኑ ሥር ታደርገዋለች። ዓይኑ በበሩ ምሰሶ ላይ የተተከለ ጥቁር ብርጭቆ ነው፤ የሚያውቃቸው ቀለሞች ከአንድ እስከ ሰባት ሲሆኑ አንድ የአጥሚት ውሃ ይመስላል፣ ሰባት የበሰለ ፓፓያ። ከንባቡ በኋላ ዕንቁላሉ ኖራ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ይደፋል። ደንቡ ይህ ነው። አንባቢ ያነባል እንጂ አያስፈለፍልም።

«ሁለት። በሩ አይከፈትም» አለ ዓይኑ በዚያ ጠዋት።

ዓይናዲስ ሳህኑን ወደ ማሰሮው ገለበጠች። ሁለት እንደሚሆን ሳይነበብም ታውቅ ነበር። ዓሣ ቀለም አይሠራም፤ ይበላል። እናቲቱ በልታ ያጠራቀመችውን ከገላዋ አንስታ ለዕንቁላሏ ታወርሳለች። ቀለሙ ያለው ደግሞ ብርሃን በሚያገኝ ውሃ ላይ በሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ውስጥ ነው፤ እንቦጩ ሥር ብርሃን የለም። ገና ተማሪ ሳለች፣ በመረብ ቤት ተቀልበው ያደጉ ዓሦች ዕንቁላላቸው ከነጣ እንደማይፈለፈል ተምራለች። የሐይቁን ዓሣ ዕንቁላል ግን አስፈልፍሎ ያየ ሰው አታውቅም። ማሰሮው ሁልጊዜ አጠገብ ነው።

ከቢሮዋ ጎን በሸራ የተሸፈነ የብየዳ ማሽን ተቀምጧል። በሩ ሁለት ክረምት አልተከፈተም። ሦስተኛውም ካለፈ ይበየዳል። የርብ፣ የመገጭና የድርማ በሮች ተበይደዋል። ነጭ ዓሣ ሽቅብ የሚወጣበት የቀረ ወንዝ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ሥር ካሉት ዓሦች መካከልም ከሦስት ዓመት በታች የሆነ የለም።

«እት ዓይናዲስ፣ ስንት አለ ዛሬ?»

ኑርዬ ነው፣ የመረብ ጠባቂው። አባቱም አያቱም በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ የሐይቅ ሰዎች ናቸው። አሁን ማጥመድ ስለተከለከለ ዓሦቹን እንዲጠብቅ ተቀጥሯል።

«ሁለት፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«ትናንትም ሁለት፣ አምናም ሁለት። ይኼ መስታዎት ሌላ ቁጥር አልተማረም እንዴ?»

«የሚያየውን ነው የሚናገረው።»

«ብርቄስ? የሷ መስታዎት ምን አለ?»

«አምስት።»

ኑርዬ ቀና ብሎ አያት። «ምን አብልተሽ ነው?»

«ካሮት በዘይት።»

ኑርዬ እጁን ጭኑ ላይ መትቶ ሳቀ። «በይ እንግዲህ! ለልጅሽ ያደረግሽውን ለነዚህ ብታደርጊ ማን ይከስሻል? እነዚህም እኮ አፍ አላቸው።»

ዓይናዲስ የብየዳ ማሽኑን አየች። ሸራው ላይ የዝናብ ውሃ አቁሯል። ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። ሲመሽ ወደ ኑርዬ ቤት ሄዳ ሚስቱን ሩቅያን ዛላ በርበሬ እንዳላት ጠየቀቻት።

*

ነገሩን በሥርዓት ነው የያዘችው። ዕንቁላሉ ሞልቶ ያበቃ ዓሣ ቀለም አይቀበልም፤ ስለዚህ ሆዳቸው ገና ያልላላውን ሴቶች መርጣ ከጥቂት ወንዶች ጋር ከበሩ አፍ ጋር በተያያዘ የመረብ በረት ውስጥ አስገባች። ቀለሙ የሚሟሟው በዘይት በመሆኑ የበርበሬውን ልጣጭ ከኑግ ፋጉሎ ጋር አስወቀጠች። ፍሬው ተለይቶ ተጣለ። ሩቅያ ሙቀጫው ላይ ቆማ እያስነጠሰች ትወቅጣለች።

«ያ ረቢ! ለሰው የጠፋ በርበሬ ለዓሣ! አያቃጥለውም?»

«ዓሣ ማቃጠሉ አይሰማውም።»

«ታድሎ። ይኼ የኔው ባል አንዲት ቃሪያ ነክሶ ሰፈሩን ውሃ በሉኝ ይላል።»

«እኔ ዓሣ ብሆን አንች ታገቢኝ ነበር?» አለ ኑርዬ ከውጭ።

«አሁንስ ምን ሆነህ ነው? ሽታህ እንደሁ እሱው ነው።»

ውቅጡ ተድቦልቡሎ በረቱ ውስጥ ሲጣልላቸው ዓሦቹ መጀመሪያ አልነኩትም። ከዚያ አንዷ ቀመሰች፣ ከዚያ ሁሉም። ከሳምንት በኋላ ዓይኑ «ሦስት» ሲል ኑርዬ ግድግዳው ላይ ቆሞ እስክስታ ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ «አራት» አለ። ከዚያ ቆመ። በነጋታው አራት፣ በማግሥቱም አራት።

በዚህ መካከል ከሐይቁ ሌሎች ነጭ ዓሦች እየመጡ በበረቱ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። በርበሬ ያልቀመሱ፣ ዕንቁላላቸው የነጣ ናቸው። አፍንጫቸውን በመረቡ ቀዳዳ ያስገባሉ። አንዳንዶቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ሆዳቸው ጠፍጥፎ ይታያል፤ ጊዜያቸው ደርሶ ጭቃው ላይ ጥለውታል ማለት ነው። ወዲያውም ገና ሆዷ የሞላ ሌላ ዓሣ ቦታውን ትይዛለች።

የበረቱ ሴቶችም ሆዳቸው ላልቷል። ዓይናዲስ በጣቷ ጫፍ ስትነካቸው ዕንቁላሉ ሳትጫነው ይፈሳል።

«ፈትተዋል» አለ ኑርዬ፤ በዚህ ቀን አልቀለደም። «ሆዱ የፈታ ዓሣ አይጠብቅም፣ እት ዓይናዲስ፤ ዕንቁላሉ ጊዜው ያልፍበታል። ልቀቂያቸው።»

«ወዴት ልልቀቃቸው? በአራት በሩ አይከፈትም።»

«እኔ ስለ በሩ አላወቅሁም። ስለ ዓሣው ነው የነገርኩሽ።»

«ዘይቱን እንጨምርበት። አምስት ይመጣል።»

መጣም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ሳህኑ ላይ የተሰጡት ዕንቁላሎች እንደ ብርቅነሽ መዳፍ ነበሩ።

«አምስት» አለ ዓይኑ። ብረቱ ከግርጌው ተንቀጠቀጠ፣ በሩም ተነሣ። ቡናማው ውሃ ወደ በረቱ ሲገባ ዓሦቹ ሁሉ ራሳቸውን ባንድ ጊዜ ወደሱ አዞሩ።

«ውጭ ያሉትስ?» ብሎ ጮኸ ኑርዬ፤ የመረቡን ገመድ ይዟል። «መረቡን ላንሣና አብረው ይግቡ!»

«አይሆንም!»

«ለምን?»

«የነሱ ዕንቁላል ይሞታል። የሞተ ዕንቁላል ይሻግታል፤ ሻጋታው ጠጠሩ ላይ ወዳለው ጤነኛ ይተላለፋል። ይኼን ሁሉ የደከምነው ለዚህ ነው? አታንሣው።»

ኑርዬ ገመዱን ለቀቀ። የበርበሬዎቹ ዓሦች ሽቅብ ወጡ፤ ሁለት ሴቶች ብቻ በረቱ ጥግ ተለጥፈው አልንቀሳቀስ አሉ። የነጡት ከመረቡ ውጭ ቀሩ። ሌላ ንባብ እስኪፈቀድ ድረስ በሩ በማግሥቱ ተመልሶ ወረደ።

በዚያ ቀን ዓይናዲስ ደንብ ጣሰች። ከበርበሬዎቹ ጥቂት ዕንቁላል ወደ ኖራው ሳትደፋ አስቀረች። ከመረቡ ውጭ ካለች አንዲት ዓሣም ወሰደች። በሁለቱም ላይ የአንድ ወንድ ዓሣ ዘር አፈሰሰች፣ ከአንድ ባልዲ ውሃ ቀዳች፣ ሁለቱን ሳህኖች በረንዳዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የፈለገችው ማስረጃ ነው። ቀዩ ሲፈለፈልና ነጩ ሲሞት ለአስተዳደሩ ልታሳይ።

*

በሦስተኛው ቀን ከበሩ ሽቅብ፣ ከዋንዛዬ በታች ዓሦቹ ዕንቁላል ወደሚጥሉበት ጠጠር ሄደች። ውሃው ገና አልጎደለም ነበር። ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች፣ አንድ ድንጋይ አነሣች።

ከድንጋዩ ሥር ጥጥ የመሰለ ነገር ነበር። ሌላ አነሣች። ጥጥ። ሽቅብ ሄደች፣ ቁልቁል ወረደች፣ እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ ድንጋይ ገለበጠች። አልፎ አልፎ ገና ያልሻገተ ዕንቁላል ታገኛለች፤ ያም እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጭ ነው። ቀይ የነበረው ሁሉ ነጭ ሆኗል። አንድም ዓይን አላየችም። የሚፈለፈል ዕንቁላል በዚህ ሰዓት ውስጡ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር ወደ በረንዳው ሄደች። የበርበሬው ሳህን እንደ ጠጠሩ ጥጥ ሆኗል። ሁለተኛውን ሳህን ወደ ብርሃን አዞረችው። ዕንቁላሎቹ የአጥሚት ውሃ ይመስላሉ፤ ቀለማቸው ሁለት ነው፣ እንዲያውም የአንዳንዶቹ ከሁለት በታች። በአብዛኞቹ ውስጥ ግን ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ። እያየቻቸው በአንዱ ውስጥ ፅንሱ ተገላበጠ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በርበሬው ይሁን የገደላቸው ወይስ መጠበቁ፣ አታውቅም። በሁለት ሳህን ይህ አይታወቅም። የምታውቀው የሐይቁ ዓሣ ቀለም አጥቶ መኖር እንደለመደ ነው፤ መቼ እንደለመደም የሚያውቅ የለም፣ በየዓመቱ ኖራ ውስጥ ሲደፋ ኖሯልና። ሌላም የምታውቀው አለ። ኑርዬ መረቡ ይነሣ ሲላት እንቢ ያለችው እሷ ናት።

ለተፋሰሱ ተቆጣጣሪ ለአቶ ሞላልኝ ደወለች።

«ዓይኒ!» አለ፤ በደስታ። «አምስት! ከተሾምኩ ወዲህ ከማንም በር አምስት አላየሁም። ሁሉም ሰው እኮ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው።»

«አቶ ሞላልኝ፣ ዕንቁላሉ ሞቷል።»

«የቱ ዕንቁላል?»

«አምስት የተነበበው። ጠጠሩን አይቻለሁ። የተረፈ የለም። ነጩ ነው የሚፈለፈለው። ሳህን ላይ አለኝ፣ ይምጡና ይዩት።»

«ሳህን ላይ አለኝ ስትይ ... ኖራ ውስጥ አልገባም ማለትሽ ነው?»

«አልገባም።»

«ይኼን አልሰማሁሽም። ስሚኝ እስቲ። ዓይኑ ሲያነበው ስንት ነበር?»

«አምስት።»

«እኛ የምናነበው በሩ ላይ ነው። ጠጠሩ ላይ ዓይን የለንም። ነጭ ይፈለፈላል ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ‹ቀለሙ ስንት ነው› ብለው ነው። ሁለት እላለሁ። ከዚያ ደብዳቤው የትም አይሄድም፣ በያጁ ግን አንቺ ጋ ይመጣል።»

«በሩ ሥር ገና ዓሣ አለ። ጊዜያቸው አሁን ነው። ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈቱልኝ።»

«እኔ አልከፍትም፣ ታውቂያለሽ። የሚከፍተው ዓይኑ ነው። ሁለተኛ ንባብ ግን ልፈቅድልሽ እችላለሁ። አምስት ካሳየሽው ይከፈታል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ጊዜ አምስት ከመጣ ደግሞ ዘዴሽ ይጸድቃል። በርበሬው። ለሁሉም በር፣ የተበየዱትም ተከፍተው፣ ግዴታ ሆኖ። ስምሽ ይነሣበታል። ብየዳው ይቀራል። እኔ አንቺን ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

*

ኑርዬን በረቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ጠጠሩም፣ ስለ ሳህኑም፣ አቶ ሞላልኝ ስላለውም። መረቡን በተመለከተ አንድ ቃል አልተናገራትም። እሱ ቢወቅሳት ይቀላት ነበር።

«ከቀሩት ከሁለቱ አንዷ ሞታለች» አለ። «አንዷ አለች። ዕንቁላሏ አሁንም ቀይ ነው። ሬሳ ተሸክማ ነው የምትዋኘው፣ ግን ቀይ ነው።»

«እሷን ባስነብብ በሩ ይከፈታል።»

«መረቡን ካነሣሁ ውጭ ያሉት ይገባሉ።»

«ይገባሉ። ከዚያ ለከርሞ በየበሩ በረት ይሠራል። አምስት እስኪል ይቀለባሉ፣ ጊዜያቸው እስኪያልፍ ይያዛሉ። እኔ ነኝ አምስት ያልኩት።»

«እውነቱን ብትናገሪስ?»

«ተናገርኩ እኮ። ይበየዳል።»

ኑርዬ ከመረቡ ውጭ ያሉትን ዓሦች አየ። ካለፈው ሳምንት አንሰዋል። አንዷ ከውሃው ብቅ ብላ ጀርባዋን አሳየችና ተመለሰች።

«ለከርሞ በሩ ባይበየድ፣ ሰው መረብ ሊቀድ ይችላል» አለ ቀስ ብሎ። «የተበየደ ብረት ግን አይቀደድም።»

«ለከርሞ ሌላ ዓይን ይተክላሉ፣ በረቱ ላይ።»

«ይተክሉ ይሆናል።»

ሩቅያ አዲስ የተወቀጠ በርበሬ በፌስታል ይዛ ደረሰች። ሁለቱም ፌስታሉን ሲያዩ ግራ ገባት። «ምነው? አነሰ እንዴ? ደግሞ እወቅጣለሁ እኮ።»

ዓይናዲስ በረቱ ውስጥ ገብታ የቀረችውን እናት በእርጥብ ጨርቅ ያዘች። ዓሣዋ አልታገለችም። ሆዷን መጫን አላስፈለገም፤ ዕንቁላሉ በራሱ ፈሰሰ፣ ቀይ፣ ከስፍራ ስፍራ የተጣበቀ። ዓይናዲስ በሳህኑ ላይ በጣቷ እየለየች አሰፋችው፤ ሥራዋን ሁልጊዜ እንደምትሠራው፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ እየተጠነቀቀች። ሳህኑን ከዓይኑ ሥር አስቀመጠች።

ዓይኑ ከወትሮው ዘገየ።

«አምስት» አለ። «ሁለተኛ አምስት። የጉማራ በር ዘዴ ጸድቋል። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ብረቱ ተነሣ።

ኑርዬ ገመዱን ይዞ ያያታል። «ላንሣ?»

ዓይናዲስ ሳህኑን እንደያዘች ነበር።

«አንሣው።»

መረቡ ከነጭቃው ወጣ። ዓሦቹ ለአንድ አፍታ ባሉበት ቆዩ፤ ቀኑን ሙሉ በአፍንጫቸው ሲገፉት የነበረው ነገር መጥፋቱን ያላመኑ ይመስል። ከዚያ አንዷ ገባች፤ ተከትለዋት ውሃው በጀርባቸው ተሸበሸበ፣ በበሩ ሥር አልፈው ወደ ደፈረሰው ወንዝ ጠፉ። ዓይኑ ወደ ታች አይመለከትም። የሚያየው ሳህኑን ብቻ ነው።

ሩቅያ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ወሰደችና የዓይናዲስን ፊት አይታ ተወችው።

ዓይናዲስ ቀዩን ዕንቁላል በደንቡ መሠረት ኖራው ውስጥ ደፋችው። በረንዳዋ ላይ ያሉትን ነጮቹን ዕንቁላሎች በዚያኑ ቀን ሽቅብ ወስዳ ጠጠሩ መካከል ለቀቀቻቸው።

*

ማስታወቂያው ብዙም ሳይቆይ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተለጠፈ፤ በተከታዩ የንባብ ሳምንት ሰልፉ ሁሉ ያነብበው ነበር። ከመጪው ክረምት ጀምሮ ማናቸውም እናት ዓሣ ቀለሟ አምስት ሳይደርስ ወደ በር እንዳትቀርብ፣ ለዚህም በየወንዙ አፍ የመቀለቢያ በረት እንዲሠራ፣ አሠራሩም «የዓይናዲስ ዘዴ» ተብሎ እንዲጠራ ተወስኗል።

«እትዬ፣ አንች ነሽ?» አለቻት ከኋላዋ የቆመች እናት፣ ጣቷን ወደ ስሙ ቀስራ። «እኛ ለልጆቻችን የምናደርገውን ለዓሣ አደረግሽው አሉ። እንዲያው እንዴት መጣልሽ?»

ዓይናዲስ የልጇን ጣት በነጠላዋ ጫፍ ማሸት ቀጠለች። ከፊታቸው ያለው ልጅ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ተራቸው ደረሰ። ብርቅነሽ ጣቷን አሳረፈች።

«አምስት» አለ መስተዋቱ።

ልጅቷ ከመስተዋቱ ፈቀቅ ልትል ስትል ተንገዳገደች። ዓይናዲስ ከመውደቋ በፊት ያዘቻት፣ ቀና አድርጋ አቆመቻት፣ አስተማሪው ሳያይ ቀሚሷን አስተካከለችላት።

«ግቢ» አለቻት በጆሮዋ። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ።»